ጤና አዳም ላይ ያገኘሁት ትል

ትሉን መጀመሪያ ሳየው የወፍ ኩስ መስሎኝ ነበር። ዐቢይ ጾም ከገባ ሰንብቷል። ጠዋት ጓሮዬን ውኃ ላጠጣ ስወጣ ከጤና አዳሙ ቅጠል ላይ ጥቁርና ነጭ ነገር ተለጥፎ አየሁ። በስንጥር ልጠርገው ስል ተንቀሳቀሰ። ከቤት መነጽሬን ይዤ ተመለስኩና ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩት። ከጥፍሬ ብዙም የማይበልጥ ትል ነው። አጠገቡ ሌሎችም ነበሩ። ትልልቆቹ አረንጓዴ ሆነዋል፤ ጎናቸው ላይ መቀነት የመሰለ ቡናማ መስመር፣ ትከሻቸው ላይ ደግሞ ዓይን የሚመስል ነጠብጣብ አላቸው።

ቤቴ ወረታ ዳር፣ የከተማው ቤት አልቆ ሜዳው የሚጀምርበት ነው። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን እኖራለሁ። ከጓሮዬ ሎሚ፣ ጌሾና ዳማከሴ አለ። ጤና አዳሙ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ግንዱ እንጨት ሆኖ ከወገቤ በላይ አድጓል፤ ሆዱን የቆረጠውም ብርድ የመታውም የሰፈር ሰው መጥቶ ይቀጥፋል። ከአጥሬ ግርጌ ቦይ አለ። በጋ ሲሆን ሽንኩርት የሚያለሙት ሰዎች ከወንዙ በሞተር የሚስቡትን ውኃ በዚያ ያሳልፋሉ። የቦዩ ዳርና የጓሮዬ ጠርዝ በጋውንም ክረምቱንም ሣር አያጣም።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ ትኖር ነበር። አሁን ያ ቤት ተዘግቷል፤ ባይዘጋ ይህን አልጽፍም ነበር። እንደኔው ባሏ የሞተባት ሴት ናት። አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ትዳር ያልያዘ፣ የሰው መሬት በእኩል ይዞ ሽንኩርት የሚያለማ። አንዲት ጥቁርና ነጭ የፎገራ ላምና ከእርሷ የተወለደች ጊደር ነበራቸው። ሣሩን ከጓሮዬ እርሷ ታጭዳለች። ጾም ካልሆነ ወተት በቆርቆሮ ኩባያ ትልክልኛለች። እኔም ኩባያዋን ባዶ አልመልስም፤ ጤና አዳም ቀንጠብ አድርጌ ጣል አደርግበታለሁ። በዚህ ብዙ ዓመት ኖርን። ብዙ አናወራም ነበር፤ ማውራትም አላስፈለገንም።

ትሉን ያሳየኋት ለእርሷ ነው። ማጭዷን ይዛ ለሣር ገብታ ነበር።

"ደግሞ ምን አገኘሽ እንዲህ ጎንበስ ብለሽ?" አለችኝ።

"ትል። ምን እንደሆነ ላውቅ ብዬ ነው።"

"ትል ትል ነው እቴ። ምኑ ይታወቃል?"

ስንጥሩን ከእጄ ወስዳ ትልቁን ነካ አደረገችው። ትሉ ቀና አለና ከራሱ ኋላ ብርቱካን መልክ ያላቸው ሁለት ለስላሳ ቀንዶች አወጣ። ሽታም አብሮ መጣ፤ የበሰበሰ ሎሚ የመሰለ፣ አፍንጫ የሚወጋ። ጎረቤቴ ስንጥሩን ወርውራ ወደ ኋላ ሸሸች።

"በስመ አብ! ቀንድ አወጣ እኮ!"

"ቀንድ አይመስለኝም።"

"ታዲያ ምንድን ነው፣ ሻሽ ነው? አንቺ ሴትዮ፣ ይኼን ነገር አቃጥይው።"

"ምን እንደሆነ ሳላውቅ?"

"ሲለበልብሽ ታውቂዋለሽ!" ብላ ሳቀች። ሣሯን አጭዳ፣ ጤና አዳሙን በሩቁ ዞራ ሄደች።

እኔ ግን ሳስበው ዋልኩ። አባ ጨጓሬ እንዳልል ፀጉር የለውም። ተምች እንዳልል ተምች ሜዳ ሙሉ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ የሚበላውም ሰብልና ሣር ነው። ይህ ግን ከአንድ ቅጠል አይነቃነቅም። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ ሠርቶ በክቡ ዙሪያ እንቁላል፣ ትል፣ ሽፍን ያለ ነገርና ቢራቢሮ ስሎ ነበር። ስማቸውን በእንግሊዝኛ ነበር የተማርነው፤ ረስቼዋለሁ። ክቡን ግን አልረሳሁም። ምናልባት ከእነዚያ አንዱ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በሳምንቱ የጎረቤቴ ላም ሞተች።

ጩኸቷን ሰምቼ ስሄድ ላሟ ከችካሏ አጠገብ ተኝታለች። የትከሻዋ ቆዳ ይንቀጠቀጣል። ለሐጯ እንደ ክር እስከ መሬት ይወርዳል፤ ዓይኗ ያለቅሳል። ትንፋሿ ከውስጥ የሚጎተት ይመስላል። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ሆዷ ተነፍቶ ነው አለና ዘይት በጠርሙስ ጋቷት። ሆዷ ግን አልተነፋም ነበር። ሌላው ሳትሞት ትባረክ አለ። "በጾም ሥጋዋን ማን ሊበላው?" ብላ ጎረቤቴ ጮኸችበት። ልጇ ከሽንኩርቱ ማሳ እየሮጠ መጣ። ከጀርባው ያዘለውን ሰማያዊ የኬሚካል መርጫ አውርዶ፣ ቁጢጥ ብሎ የላሟን ቀንድ በሁለት እጁ ያዘ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሞተች።

"ትናንት ደህና ነበረች" አለች ጎረቤቴ፣ ለማንም ሳይሆን። "ዛሬ ጎህ ሲቀድ ውኃዋን አጠጣኋት። መጥታ ሣሯን በላች። ከዚያ..." አቋረጠችና ወደ እኔ ዞረች። "ከሣሩ ጋር ነው የገባው። ያ ቀንዳሙ!"

"የቱ ቀንዳም?" አለ ሰው።

"ከእርሷ ጓሮ ያለው ነዋ። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፤ እሷም አይታዋለች። አቃጥይው ብያት ነበር።"

ሰው ሁሉ ሊያይ መጣ። አንዱ በእንጨት ይነካዋል፣ ቀንዱ ይወጣል፣ ሰው "ውይ!" ይላል። የላሟን ሬሳ ጎትተው ከሜዳው ዳር ጣሉት። በማግሥቱ ከሬሳው የበሉ የሰፈር ውሾች እየተንፈራገጡና አረፋ እየደፈቁ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የትሉን መርዝ የሚጠራጠር ሰው ጠፋ። ውሻ ሳይቀር የሚገድል ትል ከጓሮዋ አለ ተባለ። ውኃ ቧንቧ ስሄድ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ከጀሪካኔ ያርቁ ጀመር።

ልጁ መርጫውን አዝሎ መጣ። አፉን በሻርፕ ጠምጥሟል፤ እጁ ግን ባዶ ነው። ኬሚካሉን ሲበጠብጥም በባዶ እጁ መሆኑን ሁልጊዜ አይ ነበር።

"እትየ፣ አንዴ ብቻ ላርከፍክፍበት" አለኝ። "እማየ እንቅልፍ አጣች።"

"ከዚህ ቅጠል ሰው ነው የሚጠጣው፤ አይረጭም።"

"እንዲያው ለሰው አፍም ቢሆን..."

"ምን እንደሆነ ልወቅና ያኔ ራሴ አቃጥለዋለሁ።"

አልተከራከረኝም። ጨዋ ልጅ ነበር። እናቱ ግን በዚያው ቀን ጊደሯን ከአጥሬ ሥር ፈትታ ወሰደቻት። ትሉ እንዳያገኛት ብላ ራቅ አድርጋ፣ ቦዩ ወደ ማሳው ከሚገባበት ዳር አሰረቻት። ሣሬንም ማጨድ ተወች። ጊደሯ ገና በዚያ ሰሞን ማርገዟ ነበር። ጎረቤቴ ከዚህ ዓለም የቀራት ልጇና ያቺ ጊደር ነበሩ።

ትሎቹን ከነቅጠላቸው ሰብስቤ ሸክላ ድስት ውስጥ አደረግኋቸውና አፉን በነጠላ ቁራጭ አሰርኩት። አንድ የግብርና ባለሙያ በሰፈሩ ሲያልፍ ጠርቼ አሳየሁት። ወጣት ነው። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

"ተምች አይደለም፣ እናቴ። በሰብል ላይ አይቼው አላውቅም። ፎቶውን ልኬ ላስጠይቅልዎ ነበር፤ ኔትወርኩ ከጠፋ ሰነበተ።"

"ላም ይገድላል?"

"እንጃ። ያላወቅኩትን ምን ልበልዎ?"

ስለዚህ ራሴ አየሁት። ከአጥሩ ሥር ሣር አጭጄ ሰጠኋቸው፤ አልነኩትም። ጤና አዳም ስጨምር በሉ። የሎሚ ቅጠል ስጨምርም በሉ። አንዱን ሣሩ መሐል ባስቀምጠው ሣሩን ትቶ ወደ ጤና አዳሙ ግንድ ተጎተተ። ዶሮዬ አንዱን ከእጄ ነጥቃ ዋጠችው። ቀኑን ሙሉ እርሷን ስጠብቅ ዋልኩ፤ ምንም አልሆነችም፤ በማግሥቱ እንቁላል ጣለች። ከብት ደግሞ ጤና አዳምን ሽታውን ስለማይወድ ዞሮ ነው የሚያልፈው። ታዲያ ትሉ ላሟ ሆድ በየት ገባ? ይህን ለጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ነገርኳት።

"ዶሮሽ ካንቺ ጋር ለምዳ ይሆናላ" አለችኝና ገባች።

ትሎቹ መብላት አቆሙ። ድስቱ ውስጥ ካቆምኩላቸው ጭራሮ ላይ ወጡ፤ ወገባቸውን በክር ከጭራሮው ጋር አሰሩ። ሲነጋ ትል የለም። በቦታው የደረቀ ቅጠል የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። የመምህራችን ክብ ትዝ አለኝ። የቀረው መጠበቅ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ ማለዳ ለጓሮዬ ውኃ ልቀዳ ወደ ቦዩ ወረድኩ። ልጁ ጎንበስ ብሎ መርጫውን ያጥባል። ከመርጫው የሚወጣው ውኃ እንደ ወተት ነጥቶ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ሽታው ከማሳው ዳር ሁሌ የሚሸተኝ ነው። ከእግሩ ዝቅ ብሎ እንቁራሪቶች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ዳሩ ላይ ተጠራቅመዋል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ጊደሯ ታስራለች። ባልዲዬን መሬት አስቀመጥኩ።

"ሁልጊዜ እዚህ ነው የምታጥበው?" አልኩት።

"ሁሉም እዚሁ ነው የሚያጥበው፣ እትየ።"

"ላሟ የሞተች ዕለትስ?"

መርጫውን መክደን ጀመረ። ክዳኑ እምቢ አለው። "ጎህ ሳይቀድ ነበር ያጠብኩት" አለ። "ውኃው ይወስደዋል ብዬ።"

"አልወሰደውም።"

ቀና ብሎ አላየኝም። "ለእማየ እንዳይነግሩብኝ።"

"ጊደሯን ከዚህ አንሣት።"

"ምን ብዬ ላንሣት? እማየ ትሉን ሸሽታ ነው እዚህ ያሰረቻት። ከዚህ ካነሣኋት ለምን ትለኛለች።"

"ትሉ እንዳልሆነ ካወቀችስ?"

"ያኔማ ራሷ ታነሣታለች።" መርጫውን አዘለና፣ "ያኔ ሌላውንም ታውቃለች" አለ።

እርሱ እዚያ ማጠብ ተወ። ከላይ ያሉት ሌሎቹ ግን አልተዉም። እኔ ጠዋት ጠዋት ከቧንቧ በባልዲ እየቀዳሁ፣ ጊደሯ ከቦዩ አፏን ሳትከት አጠጣት ጀመር። ጉልበቴ ደህና አይደለም፤ መንገዱም ቁልቁለት ነው። ጎረቤቴ ደረሰችብኝ።

"አንቺ ደግሞ ለጊደሬ ምን አስበሽ ነው?"

"የቦዩ ውኃ ጥሩ አይደለም። እንቁራሪቱን እይው።"

"የቦዩን ውኃ ስትጠጣ ነው ያደገችው። ካንቺ ጓሮ የወጣ ነገር ነው አንዷን የገደለብኝ። ይቺን ተይልኝ።" ባልዲውን በእግሯ ገፍታ ደፋችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ከብቴን አትይብኝ" አለችኝ።

ይህ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ባልዲዬን አንሥቼ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ድስቱን ማየት ብቻ ሆነ። ጠዋት አያለሁ፣ ከሰዓት አያለሁ። የደረቀው ቅጠል ደርቆ ተንጠልጥሏል። ሞተው ይሆን እያልኩ በፍርሃት በጣቴ ነካ ሳደርገው ወገቡን ያወዛውዛል። ጊደሯን ደግሞ ከአጥሩ ሥር ሆኜ እከታተላለሁ፤ ጭራዋን ካወዛወዘች ልቤ ይመለሳል።

ሆሳዕና አልፎ ሕማማቱ ሲገባ አንዱ ተሰነጠቀ። የወጣው ነገር መጀመሪያ እርጥብ ጨርቅ ይመስል ነበር። ነጠላውን ፈትቼ ድስቱን ይዤ ወደ አጥሩ ሄድኩና ጠራኋት። ሦስቴ ጠራኋት። ወጣች፤ ከበሯ ግን አላለፈችም።

"ነይ እይ።"

"ከዚሁ ይታየኛል።"

"አይታይሽም። ነይ።"

መጣች። ክንፉ ቀስ እያለ ይዘረጋል። ጥቁር ነው፤ በጥቁሩ ላይ ቢጫ ጠብታ የተበተነበት፣ ከታች በኩል ቀይና ሰማያዊ ዓይን ያለው።

"ይኼ ነው?"

"ይኼ ነው።"

"ያ ቀንዳሙ?"

"እሱ ነው።"

"ቢራቢሮ እኮ ነው።"

"አዎ።"

ከክረምት እስከ በጋ በየሎሚው ላይ ሲበር ያየነው፣ ልጆች ሆነን ያባረርነው ያው ቢራቢሮ ነው። ክንፉን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረገና ከድስቱ አፍ ተነሥቶ በአጥሩ ላይ አለፈ። ጎረቤቴ በዓይኗ ተከተለችው። ቢራቢሮው በግድግዳዋ አጠገብ አለፈ። ዓይኗ ግን ከእርሱ ጋር አልሄደም፤ ግድግዳው ላይ ቀረ። ሰማያዊው መርጫ እዚያ ተሰቅሏል። ከአፉ የደረቀ ነጭ ነገር ግድግዳውን ይዞ ወርዷል።

"ውኃው ነው ብለሽኝ ነበር" አለች።

"ብዬሽ ነበር።"

"ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ከቦዩ ነው ያጠጣኋት።"

ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ የጊደሯ ችካል በድንጋይ ሲነቀል ሰማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጊደሯ ከደጃፏ ታስራ ከቧንቧ ነው የጠጣችው፤ ጀሪካኑን ጎረቤቴ ራሷ ትሸከም ነበር።

አለቀ ብዬ ነበር። የፋሲካ ማግሥት ግን ዶማ ይዛ መጣች።

"ጤና አዳሙን ልንቀለው ነው" አለችኝ።

"ትሉ እንዳልሆነ አይተሻል።"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ሰው ይጠይቃል። ላሟ በምን ሞተች ይላል። ውሻ የሞተበት ሰውም አለ፤ የማንን ስም እንደሚያነሣ አይታወቅም።" ዶማውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "እኔ አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ እቴ።"

ጓሮው የእኔ ነው። አይሆንም ብል አትነካውም ነበር። የማጠጫ ጣሳዬን ከሥሩ አነሣሁላት። ሥሩ ጠልቆ ስለነበር ብዙ ቆፈረች፤ ሲያቅታት እኔም ግንዱን ይዤ ሳብኩ። ጎትታ መንገድ ዳር፣ ሰው ከሚያልፍበት አስቀምጣ አቃጠለችው። ሽታው ቀኑን ሙሉ ከሰፈሩ አልወጣም። ያለፈ ሁሉ "እንኳን ተገላገልሽ" አላት። እርሷም "ተመስገን" አለች። በዚያ ሰሞን በየጓሮው ብዙ ጤና አዳም ተነቀለ።

ስለ ውኃው ለሁሉም ተናገርኩ። ከብታችሁን ከቦዩ አታጠጡ፣ መርጫም አትጠቡበት አልኩ። ጥቂቶች ሰሙኝ። ብዙዎቹ የትሏ ሴትዮ ውኃውን ደግሞ ጀመረች አሉ። ስለ ልጁ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ክረምቱ አለፈ። ጊደሯም ወለደች። የዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሽንኩርቱ ከማሳ ሳለ፣ አንድ ቀን ልጁ በሬን አንኳኳ። እናቱ እንገር ልካልኛለች፤ ላም በወለደች ሰሞን የሚታለበውን ወፍራም ወተት። ያው የቆርቆሮ ኩባያ ነው። ቀትር ነው፤ ፀሐዩ ድንጋይ ያግላል።

"እማየ ናት የላከችኝ" አለ።

ኩባያው በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንገሩ ከአፉ እየፈሰሰ ጣቶቹ ላይ ይወርዳል። በሁለት እጄ ተቀበልኩት። ዓይኑ ቀልቷል፤ ጥግ ጥጉ ውኃ አዝሏል።

"ምን ሆነሃል?"

"ብርድ ነው፣ እትየ።"

"አሁንም ትረጫለህ?"

"ሽንኩርት ሳይረጭ የት ይሆናል?" ፈገግ ለማለት ሞከረ። እጁን ብብቱ ውስጥ ሸሸገ።

እንገሩን ወደ ራሴ ዕቃ ገልብጬ ኩባያውን አጠብኩ። ባዶውን ልመልስለት አልፈለግሁም። ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ እግሬ በልማድ ወደ ጤና አዳሙ ቦታ ሄደ። ጉድጓዱ ተደፍኖ ሣር በቅሎበታል። ዞሬ ከሎሚው ዛፍ ሥር ቆምኩና አንድ ሎሚ ቆረጥኩ። ልጁ ተከትሎኝ መጥቶ ነበር። በጣቱ ወደ አንድ ቅጠል አመለከተ፤ የወፍ ኩስ የመሰለ ጥቁርና ነጭ ነገር ተለጥፎበታል።

"ያ ነው?" አለኝ።

"እሱ ነው።"

"አይገድልም አይደል?"

"አይገድልም።"

ቅጠሉን ትቼ ሎሚውን ከኩባያው ጣል አደረግሁለት። በሁለት እጁ ይዞ ወጣ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሎሚው በቆርቆሮው ውስጥ እየተንኳኳ፣ እስከ በራቸው ድረስ ይሰማኝ ነበር።